ጥድ፣ ጭቃና ካርታ፦ በሰባ ደረጃ አካባቢ የአንድ ቤት የጥገና መዝገብ

ቤቱ፦ አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከሰባ ደረጃ ብዙ ሳይርቅ። ምድር ቤቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ የግድግዳው ውፍረት 60 ሳንቲ ሜትር። ፎቁ የጥድ ቋሚና ማገር፣ በጭድ ጭቃ የተመረገ፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር። በሁለት ወገን የእንጨት በረንዳ። በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ በመጋዝ የተቀረጸ ጣውላ አለ፤ ሕንዶችና አርመኖች አናጺዎች በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተማው ላይ ያስለመዱት ዓይነት። ክዳኑ ቆርቆሮ፣ የሳሎኑ ኮርኒስ አቡጀዲ።

ባለቤትነቱ፦ የአንድ ቤተሰብ ወራሾች፤ ከፊሎቹ ውጭ አገር ናቸው። ከግቢው ጀርባ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ተወርሰው የቀበሌ ቤት ሆነዋል፤ ሰው ይኖርባቸዋል። ይህ ጉዳይ ወሰን ላይም፣ አሸንዳ ላይም ይመጣል።

የሚፈለገው ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብና ክረምቱን ችሎ እንዲቆም ነው። «እንደ አዲስ ማድረግ» አይደለም። መስኮቱ፣ ጣሪያውና ልስኑ በሙሉ የተቀየረ ቤት ለምዝገባ ሲቀርብ ምኑ እንደሚመዘገብ ግልጽ አይደለም። ስለዚህ ከቤቱ የሚነሳ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቁጥር ይጻፍበታል።

መስከረም መጨረሻ፦ እርጥበት

ቅኝቱ ክረምቱ እንደወጣ መደረግ አለበት። በጥር የታየ ግድግዳ ሁሉ ደህና ይመስላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው።

የእርጥበቱ ጠርዝ በጠመኔ ተሰመረ። የሲሚንቶ ልስን ባለበት የድንጋይ ግድግዳ ላይ ውኃው 1.10 ሜትር ወጥቷል። ልስኑ ወድቆ ድንጋዩ በተገለጠበት የምሥራቅ ጥግ ግን 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው አንድ፣ መሬቱ አንድ፣ ልዩነቱ ሲሚንቶው ነው። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ከመሬት የሚስበውን ውኃ በገጹ በኩል ያተነዋል፤ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት መውጫ ያጣው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፣ በድንጋዩ መካከል ያለውን ጭቃም ያላላዋል። ልስኑን በመዶሻ እጀታ ስናንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ ከግንቡ ከተላቀቀ ቆይቷል።

ሌሎች ምንጮች፦ ቤቱን ዙሪያውን የከበበው ሊሾ ወደ ግድግዳው አዘንብሏል። ከፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከግቢው 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ የመንገዱ ውኃ በበሩ ሥር ይገባል። ከኋላ አሸንዳ የለም።

ስንጥቆቹ ላይ የጀሶ ምልክት ተደረገ፦ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ስንጥቁን አቋርጦ፣ ቀን ተጽፎበት። ጀሶው የሚለጠፈው ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ ገጽ ላይ ነው፤ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ስንጥቁ ሲንቀሳቀስ ሳይሰበር ይላቀቅና ምንም አይናገርም።

ጥቅምት፦ ልኬትና ዶሴ

ፕላን፣ ቁርጥ (ቤቱ ተቆርጦ ቢታይ የሚያሳየው ሥዕል) እና አራቱም ገጽ በ1፡50 ሚዛን ተሣሉ፤ የበረንዳው ዝርዝር በ1፡5። በሌዘር ሜትር ብቻ መለካት አይበቃም። ክፍሎቹ ትክክለኛ ማዕዘን የላቸውም፤ የእያንዳንዱ ክፍል ሁለቱም ሰያፍ ካልተለካ ፕላኑ ወረቀት ላይ አይዘጋም። ከፍታ በላስቲክ ቱቦ ውኃ ልክ ተያዘ፤ ርካሽ ነው፣ ጥግ ይዞራል፣ ባትሪ አይፈልግም።

ዶሴው የያዘው፦ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የቦታና የቤት ግብር ደረሰኞች ከተገኙት ሁሉ አሮጌው ጀምሮ፣ ሥዕሎቹ፣ ፎቶዎቹ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቃል ከነፊርማቸው፣ የጉዳቱ ዝርዝር፣ ሊሠራ የታሰበው ሥራ። ፎቶ ሲነሳ ሜትር አብሮ ይታይ፤ ፎቶው የተነሳበት ቦታ ፕላኑ ላይ በቁጥር ይመላከት፤ ከሥራው በኋላ ከዚያው ቦታ ይደገማል።

ወራሽ ሲበዛ የአንዱ ፊርማ አይበቃም። ውጭ ያሉት ውክልናቸውን በኤምባሲ ያሠራሉ፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ውክልናው ላይ «ቤቱን ለማስተዳደር» ብቻ ከተጻፈ አንዳንድ መስኮት ላይ ይመለሳል። «በቅርስነት ለማስመዝገብ፣ የጥገና ፈቃድ ለመጠየቅና ለመፈረም» የሚል ቃል በግልጽ ይግባበት። ለመሸጥ የሚል ቃል ደግሞ አይግባ፤ ለማን እንደሚጠቅም ይታወቃል።

የቤቱን ታሪክ ሲጽፉ የሚያጓጓው «ራስ እገሌ አርፈውበታል» የሚለው ነው። ሰነድ ከሌለው ከዶሴው ወጣ። አንድ ያልተረጋገጠ መስመር የተረጋገጡትን አሥሩን ያጠራጥራል። ስለ ዘመኑ ከሰው አፍ ይልቅ ቤቱ ራሱ ይመሰክራል፤ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ የቆርቆሮ ማኅተም። ለምሳሌ ሲሚንቶ አገር ውስጥ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ፋብሪካ ነው፤ የምድር ቤቱ ልስን ከቤቱ ጋር እኩያ አለመሆኑን ከዚህም መገመት ይቻላል።

ስለ ሕጉ ማወቅ የሚበቃው ይህ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚሠራ የጥገና ሥራ በቅድሚያ እንዲፈቀድ ያዛል፤ የመጠበቁን ግዴታ ባለቤቱ ላይ ይጥላል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችልም ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመድባል። እንዲህ ያለ ቤት የሚጠየቅለት በከተማው ደረጃ ነው፤ መንገዱ ባህልና ቱሪዝምን በሚመለከተው የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ይጀምራል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ገባ፤ በእጃችን የቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ተመታ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ያልገባ ነው።

በዚሁ ወር ኖራው ውኃ ውስጥ ገባ። በከረጢት የሚሸጥ ኖራ ብዙ ጊዜ አየር ነክቶት ሞቷል። መፈተኛው ኮምጣጤ ነው፦ አንድ ማንኪያ ኖራ ላይ ጠብ ሲደረግ ብዙ አረፋ ከተነሳ ወደ ድንጋይነቱ ተመልሷል፣ አያያይዝም። የተመረጠው ድንጋይ ኖራ ነው። በርሜሉ እስከ ግማሽ በውኃ ይሞላና ኖራው ቀስ በቀስ ይጨመርበታል፤ ውኃ በኖራ ላይ ፈጽሞ አይፈስም፣ ይፈናጠራል። ይፈላል፤ የዓይን መነጽርና የጎማ ጓንት ግድ ነው። ከዚያ ተጣርቶ፣ ሁለት ጣት ውኃ ከላዩ ላይ ቆሞበት፣ ተከድኖ ይቀመጣል። አንድ ወር ቢያንስ፤ ሦስት ወር ቢሆን ይመረጣል።

ኅዳር፦ ፈቃድ እየተጠበቀ

ፈቃድ ሳይመጣ ግድግዳ አይነካም። አሸንዳ ተጠረገ፣ የተቀደደው ጣሪያ ላይ ሸራ ተወጠረ፣ በበሩ ሥር የሚገባው ውኃ በአሸዋ ጆንያ ከቤቱ እንዲርቅ ተደረገ። ለመሠረቱ የሙከራ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ በሥዕሉ ላይ ተመልክቶ ተጨማሪ ሆኖ ቀረበ።

ታኅሣሥ፦ ሲሚንቶ ማንሳትና ውኃ ማዞር

ፈቃዱ መጣ። የሙከራ ጉድጓዱ መሠረቱ 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ መውረዱን አሳየ። ይህ ቁጥር ባይታወቅ ኖሮ በመጀመሪያ የታሰበው 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የውኃ ማስወገጃ ቦይ ግድግዳውን ከሥሩ ያራቁተው ነበር። ስለዚህ ቦዩ ከግድግዳው 1 ሜትር ራቀ፣ ጥልቀቱ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 40። በሦስት በሦስት ሜትር ተቆፍሮ እየተሞላ ነው የሚኬደው፤ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ከፍቶ ማደር አይፈቀድም። ከሥሩ ውኃ አሳልፎ ደለል የሚይዝ ጨርቅ፣ በላዩ 110 ሚሊ ሜትር የተበሳሳ ፒቪሲ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ጨርቁ ተመልሶ ይሸፍነዋል። ተዳፋቱ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር። ጨርቁ ከቀረ ቱቦው በጥቂት ክረምት በደለል ይደፈናል።

ሊሾው ተሰብሮ ወጣ፤ በምትኩ ወደ ውጭ ያዘነበለ ጠጠር ተነጠፈ።

የሲሚንቶ ልስኑ በመሮና በ1 ኪሎ መዶሻ ነው የተነሳው። ጃክ ሐመር የሚለው ሐሳብ ወዲያው ወደቀ፤ ንዝረቱ ጭቃውን ከድንጋዩ መካከል ያራግፈዋል። መሮው ከጎን ተጋድሞ ይመታል እንጂ ወደ ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይገባም። ከታች 1.20 ሜትር ብቻ ተነሳ፤ የላይኛው ደርቆ እንደሆነ እየታየ በኋላ። ድንጋዩ ላይ ነጭ ጨው ወጣ። በደረቅ ብሩሽ ይጠረግና ይሰበሰባል፤ በውኃ ከታጠበ ተመልሶ ይገባል።

የጀሶው ውጤት፦ ከሰባቱ ሁለቱ ተሰብረዋል፤ ሁለቱም አሸንዳ በሌለበት ጀርባ በኩል። ቤቱ በሙሉ እየሰመጠ አይደለም ማለት ነው፤ አንድ ጥግ ውኃ እየጠጣ ነው። ይህ አንድ መረጃ መሠረቱን በአርማታ የማጠናከርን ሐሳብ፣ ከነወጪው፣ አስቀረ።

ጥር፦ ጣሪያ

ከሁሉ ውዱ ወር። ከጠቅላላው ወጪ ከመቶው 34ቱ ጣሪያ ላይ ሄደ፤ ከመቶው 11ዱ ደግሞ የፖንቴ (ሠራተኛ የሚቆምበት መወጣጫ) ኪራይ ብቻ ነው። ፖንቴው በቀን ስለሚከፈልበት እንጨቱ ግቢ ሳይገባ መትከል ኪሳራ ነው። በብር አንጽፈውም፤ የቆርቆሮ ዋጋ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይቀየራል።

ቆርቆሮዎቹ በጠመኔ እየተቆጠሩ ወረዱ፦ ከፊት 28፣ ከኋላ 36። እያንዳንዱ ተገልብጦ ታየ። የላዩ ገጽ ቀለምና ዝገት ነው፤ የሆዱ ግን ዝናብና ብሩሽ አልነካውም። ከፊት ከወረዱት በሁለቱ ሆድ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ተገኘ፤ ሰማያዊ ቀለም፣ በክብ ውስጥ የላቲን ፊደላት፣ ከሥሩ የመጠን ቁጥር። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራው ብቻ ተነስቶ፣ ከጎን በባትሪ ብርሃን ፎቶ ተነስቶ ዶሴው ውስጥ ገባ። ለቆርቆሮ ገዢ በኪሎ ቢሸጡ ኖሮ አንዱ ማስረጃ አብሮ ይሄድ ነበር።

አዲስ ቆርቆሮ ከአሮጌው ጋር በአንድ ተዳፋት ላይ አይቀላቀልም፤ ሞገዱ አይገጥምም፣ በመጋጠሚያው በኩል ውኃ ይገባል። ከኋላ ደህና የሆኑት ወደ ፊት መጥተው የፊቱን ሞሉ፤ የኋላው በሙሉ ጌጅ 28 አዲስ ሆነ። የጌጅ ቁጥር ሲያድግ ቆርቆሮው ይቀጥናል፤ ቀጭኑ ጌጅ 35 ርካሽ ነው፣ ግን ሰው ሲረግጠው ይጎደጉዳል። የጎን መደራረቢያ አንድ ሞገድ ተኩል፣ የላይና የታች 20 ሳንቲ ሜትር። ሚስማር በሞገዱ ጀርባ ላይ ከጎማ ጋር፤ ሸለቆው ውስጥ የተመታ ሚስማር ቀዳዳ ነው። አሮጌዎቹ በሽቦ ብሩሽ ተፍቀው አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ተቀቡ።

የወጋግራዎቹ ጫፍ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው፣ ዘጠኙ በስብሷል። ሙሉውን መቀየር ቀላል ነበር፤ ግን የተጎዳው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጤነኛው ከ3 ሜትር በላይ ነው። ጫፉ ተቆርጦ በሰያፍ ተቀጠለ፦ የሰያፉ ርዝመት ከእንጨቱ ቁመት ሦስት እጥፍ፤ ቁመቱ 12 ከሆነ 36 ሳንቲ ሜትር። ሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሰፊ ዋሸር ጋር።

መቀጠያው ከየት ይምጣ? አናጺው ገና ሲያየው «ይሄ ጥድ ነው ጋሼ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ እንዳታስጠጉበት» አለ። ልክ ነው፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ብሎኑን ያላላል። አሮጌ ጥድ የሚገኘው ከፈረሰ ቤት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራን ጨምሮ አሮጌ እንጨት የሚሸጡት ዘንድ ተፈለገ፤ በ2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የወጣ ነው ተብሎ የሚሸጥም አለ። ሲገዛ በመሮ ጫፍ ይወጋል፣ በሁለቱም አፍ ይሸተታል፤ ጥድ ሽታውን አይለቅም። ሚስማሩ ሳይነቀል መጋዝ ቤት ከገባ የመጋዝ ምላጭ ዋጋ ይጨመርበታል።

ለነቀዝና ለምስጥ የተለመደው የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ነው። አልተቀባም፤ እንጨቱን ለእሳት ያመቻቻል፣ ከዚያ በኋላ ቀለምም አይዝለትም። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል የታየው በዚህ ሰፈር ያለ እንጨት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያያዝ ነው። በምትኩ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በሞቀ ውኃ ተሟሙቶ፣ 10 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ተቀባ። ይህ ዝናብ ያጥበዋል፤ ከጣሪያ በታች ለሚውል ደረቅ እንጨት ብቻ ነው።

በዚያው አጋጣሚ ጣሪያ ውስጥ ያለው በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወጥቶ አዲሱ በኮንዲዩት (በመከላከያ ቱቦ) ውስጥ ገባ፤ ፎቁና ምድር ቤቱ የየራሳቸው ብሬከር አላቸው።

የካቲት፦ የጭቃ ሙከራ

ቀይ አፈር፣ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ። ጥቁር አፈር አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጠርሙስ ተፈተነ፦ ሲሶ አፈር፣ የቀረው ውኃ፣ ትንሽ ጨው፣ ተንጦ አንድ ቀን ይቀመጣል፤ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ መሐል፣ ሸክላው ከላይ ይተኛል። አሸዋውም እንዲሁ፤ ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠባል።

ከዚያ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ናሙናዎች ራሱ ግድግዳው ላይ፣ በጀርባ በኩል። አፈርና አሸዋ 1፡1 ተሰነጣጠቀ። 1፡3 በጣት ሲታሽ ዱቄት ሆነ። 1፡2 ያለ ጭድ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አወጣ። 1፡2 ሆኖ ለአሥር ባልዲ ጭቃ አራት ባልዲ የተከተከተ የጤፍ ጭድ ሲገባበት ቆመ። ይህ ቀመር የዚህ አፈር ነው፤ ሌላ ጭነት ሲመጣ ናሙናው እንደገና ይሠራል።

ጭቃው በእግር እየተረገጠ ለአሥር ቀን ቦካ። ሲሸት ደርሷል። ጎረቤት ሊቀየም ስለሚችል አስቀድሞ መንገር ደግ ነው።

መጋቢት፦ ምርጊትና ልስን

ፎቁ ላይ የተነሳው የላላው ምርጊት ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ያህል። የተቀረው ሲነካ ጸንቶ ቆሟል። የጎደለው ጠርዝ ይርሳል፣ የመጀመሪያው ድርብ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ሳይደርቅ በሹካ ይጫራል፤ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው 8 ሚሊ ሜትር።

ምድር ቤቱ ላይ ኖራና አሸዋ 1፡3፣ የተቆራረጠ ቃጫ ተጨምሮበት። አንዱ ድርብ ከ12 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ኖራ እንደ ሲሚንቶ በውኃ አይጠነክርም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ በዝግታ ነው፣ ለዚህም እርጥበት ይፈልጋል። የመጋቢት ፀሐይ በአንድ ቀን ያጠፋዋል። እርጥብ ጆንያ ተጋረደ፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ተነፋበት። ለሳኞቹ «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት፣ ቶሎ ይይዛል» ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ሲሚንቶ ግቢው ውስጥ እንዳይኖር ተደረገ።

የሰሜን ግድግዳ አልተለሰነም። ገና እርጥብ ነው።

ሚያዝያ፦ በረንዳና ቀለም

የቅርጹ ጣውላ ጠቅላላ ርዝመት 31 ሜትር፤ የሚቀየረው 6። ደህናው ላይ ካኪ ወረቀት ተዘርግቶ በእርሳስ ታሽቶ ቅርጹ ተነሳ፤ ከዚያ በ4 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ ሞዴል ወጣ። የእያንዳንዱ ቅርጽ ሹል ጫፍ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ውኃው በዚያ ጠብ ብሎ ከግድግዳው ይርቃል። ሹሉ ለመቁረጥ ቀላል ተብሎ ከተድበለበለ ውኃው በጣውላው ጀርባ ይሳባል። አዲሶቹ ጣውላዎች ጀርባቸው ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፎባቸዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያየው ከአሮጌው እንዲለያቸው።

የበረንዳው ሁለት ቋሚዎች ከሥር በስብሰዋል። አርማታ ውስጥ ተቀብረው ነበር፤ አርማታው እንደ ኩባያ ውኃ ያቁርባቸዋል። ከሥር ተቆርጠው በ18 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድንጋይ ላይ ቆሙ፤ የምስጥ ዋሻ ከመሬት ሲወጣ ድንጋዩ ላይ ይታያል፣ ይጠረጋል።

የቀለም ታሪክ፦ በበሩ መቃን ላይ፣ እጅ በማይደርስበት በኩል፣ የቴምብር መጠን ያለው ቦታ በምላጭ በደረጃ ተፋቀ። ከላይ ቡኒ፣ ቀጥሎ ክሬም፣ ቀጥሎ ጥቁር አረንጓዴ ሁለት ጊዜ፣ ከሥር ቀይ ቡኒ፣ ከዚያ እንጨት። የተመረጠው አረንጓዴው ነው፤ በረንዳውም፣ መስኮቱም፣ የጠርዙ ጣውላም ላይ የሚገኘው እሱ ብቻ ስለሆነ። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በእሳት አይላጥም፣ በደረቁ አይፈገፈግም። በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስክ ተደርጎ፣ ፍቅፋቂው በላስቲክ ተሰብስቦ።

አቡጀዲው አልወረደም። ከላዩ አቧራው በቫኪዩም ተነሳ፣ የተቀደደው በዱቄት ሙጫ ተጣፈ።

ግንቦት፦ ወረቀቱ

ባለሙያዎች መጥተው አዩ፤ በተለይ የቆርቆሮውን ማኅተምና የቀለሙን ደረጃ። ቤቱ በቅርስ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ። ደብዳቤ በእጅ መያዝ ግን ግማሽ ነው። መሬትን የሚመራው ሌላ ክፍል ነው፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ቤቱ ካልተመለከተ፣ አፍራሹ ሲመጣ የሚይዘው ወረቀት ሌላ ነው። ስለዚህ የደብዳቤው ግልባጭ ለክፍለ ከተማው መሬት ልማት፣ ለፕላንና ልማት፣ ለግንባታ ፈቃድ እና ለወረዳው እንዲደርስ ተጠየቀ፤ በእያንዳንዱ የገቢ ቁጥር ተያዘ። የይዞታው ማኅደር ውስጥም አንድ ኮፒ እንዲያያዝ ማመልከቻ ገብቷል፤ መልስ ይጠበቃል።

ወሰኑ ላይ ችግር አለ። ካርታው ላይ ያለው መስመር ከኋላ ከቀበሌ ቤቶቹ ግድግዳ ጋር በ60 ሳንቲ ሜትር ይለያያል። አሮጌው ቤት ያረፈበት መሬት ስላልተነካ ምዝገባውን አላቆመም፤ በይዞታ ማረጋገጥ ጊዜ ግን ይነሳል። ልኬቱ በሥዕል ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ሰኔ፦ የመጀመሪያው ዝናብ

ጣሪያው ደህና። ቦዩ ይሠራል፤ ከቱቦው አፍ የሚወጣው ውኃ መጀመሪያ ደፍርሶ በኋላ ጠራ። የምሥራቅ ግድግዳ እርጥበት ከ25 ሳንቲ ሜትር አላለፈም። በምዕራብ በኩል የኖራው ልስን አንድ ካሬ ያህል ተነፋ፤ ከሥሩ ሲፈተሽ ያልተነሳ የሲሚንቶ ቅሪት ላይ የተለሰነ ሆኖ ተገኘ። ተፍቆ ለጥቅምት ቀርቷል።

የኋላው አዲስ አሸንዳ ሞልቶ ይፈሳል። ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ለዚያ ተዳፋት አይበቃም፤ 15 ይሁን፣ መውረጃውም አንድ የነበረው ሁለት። ሁለተኛው መውረጃ በቀበሌ ቤቶቹ ጎን ስለሚያልፍ ከነዋሪዎቹ ጋር ተነጋግረን፣ የእነሱም ጣሪያ ውኃ በዚያው ቱቦ እንዲገባ ተስማማን፤ ቱቦው ለዚህ ሲባል ከ75 ወደ 110 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል።